የብር ማንኪያው ምስክር

ከፈረንሳይ አገር የመጣ አሮጌ የብር ማንኪያ ወይም ሹካ በውርስም ሆነ በግዢ እጁ የገባ ሙስሊም ሁለት ጥያቄ ይገጥመዋል። በእርሱ መብላት ይቻላል ወይ ለሚለው መልሱ የታወቀ ነው፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በወርቅና በብር ዕቃ መብላትና መጠጣትን ከልክለዋል። ሁለተኛው የዘካ ጥያቄ ነው፤ በዕቃው ውስጥ ስንት ብር አለ? ይህንን የሚናገሩት እጀታው ላይ የተመቱት ጥቃቅን ማኅተሞች ናቸው።

ንጹሕ ብር ለስላሳ ስለሆነ አንጥረኛ እንዲጠነክርለት መዳብ ይቀላቅልበታል። ምን ያህል እንደቀላቀለ ግን ገዢ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1275 ንጉሥ ፊሊፕ ሦስተኛ አንጥረኞች የከተማቸውን ምልክት በሥራቸው ላይ እንዲመቱ አዘዘ። የሻጭ ቃል ብቻውን አልበቃም፤ ሌላ ምስክር ተፈለገ።

በሉዊ 14ኛ ዘመን ማኅተሙ ከምስክርነት አልፎ ግብር መሰብሰቢያም ሆነ። ከ1672 ጀምሮ ግብር ሰብሳቢዎች ሥራው ሲጀመር አንድ፣ ግብሩ ሲከፈል ደግሞ ሌላ ማኅተም ይመቱ ነበር። ይኸው ንጉሥ በ1689 የጦርነት ወጪ ቢያጥረው የቤተ መንግሥቱን የብር ዕቃ ሳይቀር አስቀልጦ ገንዘብ አደረገው። የዚያ ዘመን ብር ዛሬ ብርቅ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በአብዮቱ ጊዜ፣ በ1791፣ የአንጥረኞች ማኅበራት ፈረሱ፤ ቁጥጥሩም ላላ። አዲሱን ሥርዓት የተከለው በ1797 የወጣው ሕግ ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ 1819 አውራ ዶሮ፣ ከ1819 እስከ 1838 የሽማግሌ ራስ፣ ከ1838 በኋላ ደግሞ የራስ ቁር የደፋች ሴት ራስ ይመታ ጀመር። ሴቲቱ ሚኔርቫ የምትባል፣ የጥንት ሮማውያን ያመልኳት የነበረች ጣዖት ናት። እኛን የሚጠቅመን አጠገቧ ያለው ቁጥር ብቻ ነው! ግንባሯ ፊት 1 ካለ ከሺህ 950 እጁ ብር ነው፤ አገጯ ሥር 2 ካለ 800 እጁ።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስለን። የብር ኒሷብ 200 ድርሃም፣ በዘመናችን ሚዛን 595 ግራም ያህል ነው። ሌላ ገንዘብ የሌለው ሰው በድምሩ 700 ግራም የሚመዝኑ አሥር ሹካዎች አሉት እንበል። ማኅተሙ 1 ከሆነ ንጹሑ ብር 665 ግራም ስለሚሆን ዓመት ሲሞላው ዘካ ይወጣበታል፤ 2 ከሆነ 560 ግራም ነውና ኒሷብ አልሞላም። ይህ ንጹሑን ብር ብቻ በሚቆጥረው በሻፊዒይ መዝሀብ ነው፤ ሐነፊዮች ብሩ ከመዳቡ ከበለጠ ሁሉንም እንደ ብር ይቆጥሩታል። የመመገቢያ ዕቃ የሴት ጌጥ ስላልሆነ የጌጥ ፍርድ አይሰጠውም።

የአንጥረኛውንም ማኅተም በአጉሊ መነጽር ማየት ያሻል። የእውነተኛ ብር ሠሪ ስሙን የሚመታው በጫፉ በቆመ አራት ማዕዘን ውስጥ ነው፤ ብር የተለበጠ ዕቃ የሠራ ግን በጎኑ በተቀመጠ አራት ማዕዘን ውስጥ። በልባጥ ዕቃ ላይ 84 የሚል ቁጥር ቢገኝ የብሩ ጥራት አይደለም፤ ለአንድ ደርዘን ማንኪያና ሹካ ልባጥ የወጣው ብር ስንት ግራም እንደሆነ ነው። ቢላዋ ከሆነ ደግሞ ሚዛንም ያታልላል፤ ስለቱ ብረት፣ የብር እጀታውም ብዙ ጊዜ ውስጡ በሙጫ የተሞላ ነው።