ባትሪ ስንገዛ ምን እንይ? ጎሮ፣ ሮቤ፣ ጎባና ሳኔቲ ላይ ለምትነዱ

ጠዋት 12 ሰዓት፣ ጎሮ መናኸሪያ። ሚኒባሱ ሞልቷል፣ ረዳቱ በሩን ዘግቷል፣ ሹፌሩ ቁልፉን ሲያዞር "ጭጭ... ጭጭ..." ብቻ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ "ወንዶች ውረዱና ግፉ!"

ገፋን። አልተነሳም። መሐላችን የታመመ ልጅ ታቅፋ ጎባ ሆስፒታል የምትሄድ እናት ነበረች። እሷ ሌላ መኪና እስክታገኝ አንድ ሰዓት ቆመች። የሹፌሩን ንዴት ያባሰው ደግሞ ባትሪው "አዲስ" ተብሎ ከተገዛ ገና አራት ወሩ መሆኑ ነው። አንድ የሰፈሩ መካኒክ መጡና በጥፍራቸው ስቲከሩን ላጥ ሲያደርጉት ከስሩ ሌላ ስቲከር ወጣ። "ይሄ እኮ ታጥቦ የተሸጠልህ ነው ልጄ" አሉት። ሻጩ ማን እንደሆነ እዚህ አንጽፍም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የባትሪ ነገር ይከነክነን ጀመር። ጋራዥ ለጋራዥ ዞረን የጠየቅነውንና ያነበብነውን እንደሚከተለው አቅርበነዋል። ሴቭ አድርጉት፣ ሱቅ ስትገቡ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ ስለ ራሱ ስለ ባትሪው ትንሽ። ባለ 12 ቮልት የመኪና ባትሪ ውስጡ ስድስት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ 2.1 ቮልት ገደማ ይሰጣል። በውስጡ እርሳስና በውሃ የቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ አለ። ሥራው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 (በፈረንጆቹ) ከሠራው ብዙም አልራቀም። የመኪና ባትሪ የተፈጠረው ለአንድ ነገር ነው፦ ለጥቂት ሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር አውጥቶ ሞተሪኖውን ለማዞር። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ሥራውን ዲናሞው ይረከባል፣ ባትሪውንም መልሶ ይሞላዋል። ይህን ካወቃችሁ ቀሪው ነገር ይገባችኋል።

አሁን ወደ ሱቅ እንግባ። ከብራንድ ስም በፊት የተመረተበትን ቀን ፈልጉ። ባትሪ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦም ያረጃል። ቀስ በቀስ ራሱን እያራገፈ ይሄዳል፣ ባዶውን ከቆየ ደግሞ ሳህኖቹ ላይ ነጭ የእርሳስ ሰልፌት ይጠነክርና ቻርጅ ቢደረግም አይመለስም። ስለዚህ ከተመረተ ስድስት ወር ያለፈውንና በመሐል ቻርጅ ያልተደረገውን አትውሰዱ። ቀኑ አንዳንዱ ላይ በግልጽ "03/25" ተብሎ ይጻፋል። ብዙዎቹ ላይ ደግሞ ክዳኑ ወይም ጎኑ ላይ የተመታ ኮድ ነው፦ ፊደሉ ወሩን (ኤ ጃንዋሪ፣ ቢ ፌብሩዋሪ፣ ሲ ማርች እያለ ይሄዳል)፣ ቁጥሩ ዓመቱን ይናገራል። "ሲ 5" ካለ ማርች 2025 ማለት ነው። ሁሉም ፋብሪካ ግን በዚህ አይጽፍም፣ ስለዚህ የያዛችሁትን ብራንድ ስም ጨምራችሁ ስልካችሁ ላይ ፈልጉ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እዚህ ጋ የእኛ አገር ወጥመድ አለ። ባትሪው ላይ ያለው ቀን የፈረንጅ ነው፣ ሻጩ የዋስትና ወረቀት ላይ የሚጽፈው ደግሞ የእኛን ነው። ማርች 2025 በእኛ ከየካቲት 22 እስከ መጋቢት 22 ቀን 2017 ድረስ ያለው ነው። የፈረንጁን 2022 አይቶ "የእኛ 2022 ገና አልደረሰም፣ እንደውም አዲስ ነው" ብሎ የገዛ ልጅ አግኝተናል። ስቀን ነበር፣ እሱ ግን አልሳቀም።

ቀጥሎ "ለካልኝ" በሉ። ቴስተር የሌለው የባትሪ ሱቅ ሚዛን እንደሌለው የእህል ነጋዴ ነው፣ ጥላችሁት ውጡ። መኪና ላይ ያልተገጠመ ሙሉ ባትሪ ከ12.6 እስከ 12.7 ቮልት ያሳያል። 12.4 ከሆነ ሦስት አራተኛው ገደማ አለው፣ 12.2 ግማሹ ሄዷል፣ 12.0 ደግሞ አልቋል ማለት ይቀላል። "12 ካለ 12 ነው፣ ምን ችግር አለው" የሚላችሁ ሻጭ ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል። ከ12.4 በታች የሆነ "አዲስ" ባትሪ ለምን እንደዚያ እንደሆነ መልስ ያስፈልገዋል።

የታደሰውን እንዴት እንለየው? መካኒኩ ያሳዩንን እንንገራችሁ። ፖሎቹን (ፕላስና ማይነሱን) በደንብ እዩ። አዲስ ከሆነ እርሳሱ ለስላሳ ነው፣ ተገጥሞ ከወለቀ የሞርሴቶው ጭረት ወይም የአሸዋ ወረቀት ምልክት ይቀርበታል። ክዳኑ ዙሪያ የቀለጠ ፕላስቲክ ወይም ሙጫ ካለ ተከፍቷል ማለት ነው። ስቲከሩ ጠርዝ ላይ ከተነሳ ቀስ ብላችሁ ግለጡት። ከዚያ አንሱት። እርሳስ ከባድ ነው፣ 60 አምፔር አካባቢ ያለ ባትሪ 15 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ተመሳሳይ ቁጥር ከተጻፈባቸው ሁለት ባትሪዎች አንዱ በግልጽ ከቀለለ ውስጡ ያለው እርሳስ ያንሳል። ጎሮ ገበያ ላይ የስንዴ ሚዛን በየበሩ አለ፣ ማፈር አያስፈልግም።

መጠንን በተመለከተ ቀላሉ መንገድ የመኪናውን መጽሐፍ ወይም ፋብሪካው የገጠመውን ባትሪ መከተል ነው። እኛ ጋ ብዙው መኪና የጃፓን ስለሆነ ኮዱም የጃፓን ነው። ለምሳሌ "55 ዲ 23 ኤል" የሚለውን ብንወስድ 55 የአቅሙ ደረጃ ነው (አምፔር አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል)፣ ዲ ወርዱና ቁመቱ፣ 23 ርዝመቱ በሴንቲ ሜትር፣ የመጨረሻው ኤል ወይም አር ደግሞ ፖሎቹ በየትኛው በኩል እንዳሉ ነው። ይህ የመጨረሻው ፊደል ከተሳሳተ ገመዱ አይደርስም፣ ወይም ሰው በግድ ጎትቶ ያደርሰውና ፕላስና ማይነስ ይገለባበጣል። ያኔ የዲናሞው ዳዮድ ይቃጠላል፣ ከባትሪው የባሰ ወጪ ይመጣል። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አወዳድሩ።

አቅሙን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይቻላል፣ መቀመጫው ላይ በትክክል እስከገባ ድረስ። ዝቅ ማድረግ ግን አይመከርም፣ በተለይ ለናፍጣ መኪና። አይሱዙ ላይ ደግሞ ሲስተሙ 24 ቮልት ነው፣ ሁለት ባለ 12 ባትሪ በተከታታይ ይገጠማል። አንዱ ሲሞት አንዱን ብቻ መቀየር ብር የቆጠበ ይመስላል፣ ነገር ግን ደካማው አሮጌ አዲሱንም ይዞት ይወርዳል። ሁለቱም አንድ ዓይነትና አንድ ዕድሜ ይሁኑ።

ሌላው ቁጥር ሲ ሲ ኤ የሚባለው ነው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ብርድ ላይ ባትሪው ቮልቴጁ ከ7.2 ሳይወርድ ለ30 ሰከንድ ሊያወጣ የሚችለው አምፔር ማለት ነው። "እኛ አፍሪካ ነን፣ ብርድ ምን አገባን" የሚል ካለ ሳኔቲ አላደረም። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ከአጠገቡ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። በበጋ ሌሊት እዚያ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ድረስ ተመዝግቧል። ባትሪ በብርድ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የሞተሩ ዘይት ይወፍራል፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ናፍጣው በቀላሉ አይቀጣጠልም። ሦስቱም በአንድ ጠዋት ይመጡባችኋል። ሙሉ ባትሪ በዚህ ብርድ አይረጋም፣ ያለቀ ባትሪ ግን ውስጡ ያለው ከሞላ ጎደል ውሃ ስለሆነ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሳይደርስ ሊረጋና ሳጥኑን ሊሰነጥቅ ይችላል። የረጋ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፣ በካቦም አይነሳም፣ አደጋ ነው።

የሚገርመው ግን ባትሪን ከብርድ ይበልጥ የሚገድለው ሙቀት ነው። ሙቀቱ በ8 እስከ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ሐረና ጫካን ወርዶ ደሎ መና የሚውል መኪና ባትሪውን ቆላ ላይ ይጎዳዋል፣ ጉዳቱ የሚታየው ግን ደጋ ላይ ጠዋት ነው። ሰው ብርዱን ይረግማል። ሮቤና ጎባ ብቻ የሚመላለስ፣ በየቀኑ ረጅም መንገድ የሚነዳ መኪና ላይ ጥሩ ባትሪ አራት ዓመት ቢያገለግል አይግረማችሁ።

ኮምባይነር ያላቸው ሰዎች ጉዳይ ለብቻው መነሳት አለበት። ባሌ የስንዴ አገር ነው፣ ማሽኑ አጨዳ ላይ ቀንና ሌሊት ይሠራል፣ ከዚያ ለወራት ይቆማል። ባትሪው የሚሞተው ሲሠራ አይደለም፣ ሲቆም ነው። አጨዳው ሲያልቅ ባትሪውን ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ ማይነሱን ንቀሉ፣ ቢቻል አውጥታችሁ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ፣ በየሁለት ወሩ ለክታችሁ ከ12.4 ሲወርድ ሙሉት። ይህን ባለማድረግ ብቻ በየዓመቱ አዲስ የሚገዛ ሰው አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016ቱ የብር ገበያ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው የት እንደሄደ አይታችኋል።

እና ወጣቶች፣ ይቺ ለእኛ ናት። መብራት ሲጠፋ ከመኪና ባትሪ ስልክ ቻርጅ ማድረግ ምንም አይደለም፣ አንድ አምፔር ገደማ ነው የሚወስደው። ጂፓስ ሰክቶ ሲጨፍሩ ማምሸት ግን ሌላ ነው። 100 ዋት የሚበላ ስፒከር 8 አምፔር ይስባል። 60 አምፔር ባትሪ ከአራት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ግማሹን ያጣል፣ የመኪና ባትሪ ደግሞ ለዚህ ዓይነት ጥልቅ መራገፍ አልተሠራም፣ ሳህኖቹ ስስ ናቸው። ጸጉር ቤትና ሶላር ላይ የመኪና ባትሪ የምትጠቀሙም እንዲሁ። ለሶላር "ዲፕ ሳይክል" የሚባል ወፍራም ሳህን ያለው ባትሪ አለ፣ እሱን ጠይቁ።

"ደረቅ ይሻላል ወይስ ውሃ የሚጨመርበት?" የሚለው ክርክር ጋራዥ ውስጥ አያልቅም። ደረቅ የምንለው አብዛኛው ደረቅ አይደለም፣ ክዳኑ የታሸገ ነው እንጂ ውስጡ አሲድ አለው። የእኛ ሐሳብ፦ ለመፈተሽ ሰነፍ ከሆናችሁ የታሸገውን፣ በየወሩ ክዳን ከፍታችሁ የምታዩ ከሆነ ውሃ የሚጨመርበትን ግዙ። የሚጨመረው ግን የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፣ ሳህኖቹን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪሸፍን። የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ ውስጡ ያለው ማዕድን ባትሪውን ይበላዋል። አሲድ መጨመር ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

ከገዛችሁ በኋላ ዲናሞውን አስለኩ። ሞተሩ ተነስቶ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካልታየ አዲሱም ባትሪ በሁለት ሳምንት ይወድቃል፣ እናንተም ሻጩን ትሰድባላችሁ። ከ15 በላይ ከሆነ ደግሞ እየቀቀለው ነው። ቁልፉ ሲዞር ከ9.6 በታች የሚወርድ ባትሪ ደክሟል። ሞርሴቶው ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ በሙቅ ውሃና ቤኪንግ ሶዳ አጥቡት፣ አድርቁና ግራሶ ቀቡት። አስሮ መያዝም አይረሳ። ኮረኮንች ላይ የሚዘል ባትሪ ከሳህኖቹ ላይ እርሳስ እየረገፈ ውስጡ ይጠራቀምና አንድ ቀን በድንገት ይሞታል። ብዙ ሚኒባስ ላይ በአሮጌ ጎማ ቁራጭ ታስሮ አይተናል፣ ካልታሰረ ይሻላል፣ ግን ትክክለኛው ማሰሪያ ብረት ርካሽ ነው።

ስትፈቱ ማይነሱን መጀመሪያ፣ ስትገጥሙ ማይነሱን መጨረሻ። በካቦ ስታስነሱ ፕላስ ከፕላስ፣ የመጨረሻው የማይነስ ጫፍ ግን በሞተው ባትሪ ላይ ሳይሆን ራቅ ብሎ ሞተሩ ብረት ላይ፤ ምክንያቱም ከባትሪው የሚወጣው ሃይድሮጂን ጋዝ በአንድ ብልጭታ ይፈነዳል። ሲጋራ ይዞ የሚያጎነብሰውን ወንድማችሁን አባሩት። ከአይሱዙ 24 ቮልት ወደ ትንሽ መኪና 12 ቮልት አትሳቡ።

በነገራችን ላይ መንግሥት ጥር 2016 ላይ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ መወሰኑ ከተሰማ ወዲህ "ኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ችግር የለበትም" ሲባል እንሰማለን። እሱም ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ ባለ 12 ቮልት አለው። እሷ ከሞተች ትልቁ ሙሉ ሆኖም መኪናው አይነሳም።

አሮጌውን ባትሪ ለሻጩ መልሱለትና ከዋጋ እንዲቀንስላችሁ ተደራደሩ፣ እርሳሱ ገንዘብ ነው። ግቢ ውስጥ አሲዱን ደፍቶ እርሳሱን በከሰል የሚያቀልጥ ሰው ካያችሁ ልጆቹን ከዚያ አርቁ። የእርሳስ ጭስና አቧራ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፣ አፈሩ ውስጥም ለዓመታት ይቆያል።