ባቡሩ እስኪመጣ

ባቡር ጣቢያ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ባቡሩ ነው፤ ጭሱ፣ ጡሩምባው፣ የሐዲዱ ኳኳታ። ጣቢያው ግን አብዛኛውን ቀን ባቡር የሌለበት ቦታ ነው። ባቡሩ መጥቶ፣ ጥቂት ቆሞ ይሄዳል። የቀረው ሰዓት የጠባቂው ነው። እንግዲህ የአገራችንን የምድር ባቡር ታሪክ ከሚሮጠው ባቡር ሳይሆን ከተቀመጠው መንገደኛ በኩል ብናየው ምን እናገኛለን?

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በመጀመሪያው ሐሳብ ሐዲዱ ሐረር መግባት ነበረበት። ይሁንና ባቡሩን እዚያ ተራራ ላይ ማውጣት ከባድ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ በመገኘቱ መስመሩ ከተራራው ግርጌ፣ በሜዳው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ያ ሜዳ «አዲስ ሐረር» የሚል ስም ወጣለት፤ የዛሬዋ ድሬዳዋ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቆመ። ኩባንያው ገንዘብ አለቀበትና ከሰረ። ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪገባ 1909 ዓ.ም. ደረሰ። በመሐሉ ባሉት ዓመታት ወደ መሐል አገር የሚሄድ ሰው ድሬዳዋ ላይ ከባቡር ይወርድና በቅሎና ጫኝ እስኪያገኝ ይቀመጣል። ወደ ወደብ የሚወርደው ነጋዴ ደግሞ ግመሉንና በቅሎውን አራግፎ ባቡር ይጠብቃል። የሚጠብቅ ሰው መብላት አለበት፤ መተኛት አለበት፤ ገንዘቡን መመንዘር፣ ዕቃውን ማስቀመጥ አለበት። ሆቴሉም፣ ሱቁም፣ መጋዘኑም የዚህ ጥበቃ ልጆች ናቸው። ድሬዳዋን ባቡር ወለዳት ይባላል። እውነት ነው፤ ያሳደጋት ግን ባቡሩ እስኪመጣ የተቀመጠው ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መስመሩ ካለቀ በኋላም ቢሆን ጥበቃው አልቀረም። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለው 784 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን መንገደኛው በ3 ቀን ይጨርሰው ነበር። ባቡሩ በሌሊት አይጓዝም። አጥር በሌለው በረሃ የተዘረጋ ሐዲድ ነውና ጨለማው ያሰጋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛው ሌሊት አዋሽ ይታደራል። አዋሽ ያን ጊዜ ከጣቢያው ሌላ እምብዛም የሚታይ ነገር ያልነበረባት፣ ከወንዙ ገደል አጠገብ ያለች ሞቃት ቦታ ነበረች። ግን «ቡፌ» ነበራት። በረንዳ ያለው፣ ጥላ ያለው፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ የሚቀርብበት የጣቢያ ማረፊያ! የአዋሽ ቡፌ ስሙ በመንገደኞች ዘንድ የታወቀ ሆነ።

ታዲያ እዚያ በረንዳ ላይ የሚቀመጠው ማን ነበር? ባቡሩ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማዕረግ ነበረው። ባቡሩ ሲሄድ ልዩነቱ የወንበር ጉዳይ ነው፤ ሁሉም እኩል ይደርሳል። አንደኛ ማዕረግ የተሳፈረ ሰው ሦስተኛ ማዕረግ ከተሳፈረው አንዲት ደቂቃ አይቀድምም። ባቡሩ ሲቆም ግን ልዩነቱ አገር ያየዋል። ገንዘብ ያለው አልጋና አጎበር ያገኛል። የሌለው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ስንቁን ተንተርሶ፣ ከዕቃው አጠገብ መሬት ላይ ያድራል። ትንኙ የሁለቱንም ማዕረግ አይጠይቅም፤ አጎበሩ ግን ይጠይቃል።

ስለዚያ ጥበቃ የጻፉልን ደግሞ በአብዛኛው በረንዳ ላይ የተቀመጡት ናቸው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዎ በ1923 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል መጥቶ ነበር። ከሐረር ሲመለስ ድሬዳዋ ላይ ባቡር አጣና ለቀናት ተቀመጠ። በኋላ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ስለዚያ መሰልቸት በሰፊው አወጋ። እናነበዋለን፤ እንስቃለንም። ነገር ግን በዚያው ጣቢያ፣ በዚያው ሙቀት፣ በዚያው ሳምንት ባቡር ሲጠብቅ የነበረው ነጋዴ ወይም ልጅ ያዘለች እናት ምን ተሰማቸው? መሰልቸት እንኳ ለመጻፍ ወንበርና ጠረጴዛ ይፈልጋል መሰለኝ።

የ3 ቀኑ መንገድ እንዲያጥር ጊዜው ግድ ያለበት ቀንም መጣ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ገና ሳይነጋ ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነስተው በማግስቱ ጅቡቲ ገቡ። የጣሊያን ጦር ወደ ከተማዋ እየገሰገሰ ነበርና በየጣቢያው ተዘርግቶ የሚታደርበት ጊዜ አልነበረም። ለወትሮው ዘውድ የሚጠበቅበት ጣቢያ ያን ቀን ዘውድ የሚሸሽበት ሆነ።

ጥር 1977 ዓ.ም. ደግሞ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ የነበረ ባቡር አዋሽ አካባቢ ከድልድይ ላይ ሐዲዱን ስቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። የሞቱት ቁጥር በታሪክ ተመዝግቧል። ከእያንዳንዱ ሟች ጀርባ ግን «ዛሬ ይመጣል» ብሎ የሚጠብቅ ሰው ነበር። እሱን የመዘገበው የለም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የድሮውን ባቡር በዕድሜው ማብቂያ ላይ ደርሶበታል። ልጅ ሆኜ ከአያቴ ጋር አንድ ጣቢያ ላይ ባቡር ስንጠብቅ ዋልን። በማረፊያው ክፍል ውስጥ ረጅም የእንጨት አግዳሚ ነበር፤ ባዶውን ነው። አያቴ ግን አልተቀመጠችበትም። ከበሩ አጠገብ ኮረጆዋን አንጥፋ መሬት ቁጭ አለች። «እማማ፣ እዚህ ወንበር አለ እኮ» ብላት፣ «ተወው ልጄ፣ እሱ የሰዎች ነው» አለችኝ።

የትኞቹ ሰዎች? በክፍሉ ውስጥ ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም። ማዕረግ ለይቶ የሚያስነሳ ዘበኛም አልነበረም። በልጅነቷ የተነገራት ነገር ግን ከዘበኛው በላይ ዕድሜ ኖሮት፣ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ያን ጊዜ ትርጉሙ አልገባኝም፤ አግዳሚው ላይ ተጋድሜ እንቅልፌን ለጠጥኩ። ዛሬ ሳስበው ግን ስለ አንደኛና ሦስተኛ ማዕረግ ካነበብኩት ሁሉ ይልቅ ያቺ አንዲት ቃሏ ታሪክ አስተምራኛለች።

የአዲስ አበባና የድሬዳዋ የድሮ ባቡር በ2000 ዓ.ም. ግድም ተቋረጠ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱንም በ2010 ዓ.ም. ጀመረ። የአዲስ አበባው ጣቢያ እንደ ለገሀር ከመሐል ከተማ ሳይሆን ከዳር፣ ከፉሪ ለቡ ነው። አዋሽ ላይ ማደር ቀርቷል፤ መቅረቱም መልካም ነው። መሬት ላይ የተኛ ሰው ያንን ሌሊት ይመለስልኝ አይልም።

ሆኖም አሮጌውን ስናስታውስ የምናስታውሰውን እንምረጥ። ለለገሀር ስሙን ያወረሰው ፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው፤ በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው ሕንጻም ፎቶግራፉ ያምራል። የእንፋሎት ባቡሩም ቢወለወል ያምራል። ነገር ግን ስለዚያ ዘመን ለልጆቻችን የምናሳየው አንድ ዕቃ ምረጡ ብባል እኔ የምመርጠው ያንን ባዶ የእንጨት አግዳሚ ነው። አጠገቡም አንድ ሰው መሬት ላይ የተቀመጠበትን ቦታ ባሳይ ደስ ባለኝ።