የአንገት ቋጠሮና የትከሻ ጥለት

በልቅሶ ቤት ደጃፍ ዘወትር የሚታይ ነገር አለ። ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ከረባቱን አሳምሮ ያሰረ ወጣት ነጠላውን በትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሊገባ ሲል፣ አንዲት እናት ጠጋ ብለው ነጠላውን ከላዩ ያነሡና ዘቅዝቀው መልሰው ያለብሱታል። ከግርጌ የነበረው ጥለት ወደ ላይ ዞሮ ከአንገቱ ሥር ያርፋል። ወጣቱ ያፍራል፤ እናት ግን አንዲት ቃል ሳይናገሩ ያልፋሉ። ልጁ ከረባት ማሰርን አውቋል፤ ነጠላ መልበስን ያስተማረው ግን የለም።

ከረባትም ሆነ ነጠላ ሰው ያለ አንደበት የሚናገርባቸው ጨርቆች ናቸው። ምን እንደሚናገሩ ለመረዳት የሁለቱን ታሪክ ጎን ለጎን ማየት ይበጃል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከረባት የወታደር ልብስ ነበር። ከ1618 እስከ 1648 አውሮፓን ባመሰው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ለፈረንሣይ ንጉሥ ተቀጥረው የተዋጉ የክሮኤሽያ ፈረሰኞች በአንገታቸው ዙሪያ ጨርቅ ጠምጥመው ይቋጥሩ ነበር። ፓሪስ አይታ ወደደችው፤ ስሙንም ከባለቤቶቹ ወስዳ «ክራቫት» አለችው። የጣልያንኛው «ክራቫታ» እና የእኛው «ከረባት» የዚያው ቃል ዘመዶች ናቸው። ሉዊ 14ኛ ዳንቴሉን በአንገቱ ባሰረ ጊዜ የወታደሩ ጨርቅ የቤተ መንግሥት ጌጥ ሆነ። ሆኖም ጦር ሜዳውን ፈጽሞ አልተለየም። በ1692 በስቴንከርክ ውጊያ ድንገት የተጠቁት የፈረንሣይ መኮንኖች ጨርቁን አሳምረው ለማሰር ጊዜ ስላጡ፣ ጠምዝዘው ጫፉን በኮታቸው የቁልፍ ቀዳዳ ወሽቀው ወደ ፍልሚያ እንደ ሮጡ ይተረካል። ያ የጥድፊያ አስተሳሰር «ስቴንከርክ» ተብሎ ለወንዱም ለሴቱም ፋሽን ሆነ።

በ19ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ማሰሩ ራሱ ጥበብ ሆነ። በ1818 ለንደን ውስጥ የአስተሳሰር ዓይነቶችን በሥዕል እያሳየ የሚቀልድ መጽሐፍ እስከ መታተም ተደረሰ። ዛሬ ብዙው ሰው የሚያስረው ቀላሉ ቋጠሮ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው፤ የእንግሊዝኛ ስሙንም ያገኘው አራት ፈረሶች ከሚጎትቱት ሠረገላ ነው። አሠራሩ አጭር ነው። ሰፊው ጫፍ ረዘም ብሎ ይንጠለጠላል፤ በጠባቡ ላይ ይሻገራል፤ ከኋላው ይዞራል፤ ዳግመኛ በፊቱ ያልፋል፤ ከሥር በአንገት በኩል ሽቅብ ይወጣል፤ በመጨረሻም ከፊት በተፈጠረው ቀለበት ቁልቁል ገብቶ ይጠብቃል። በ1920ዎቹ ጄሲ ላንግስዶርፍ የተባለ የኒው ዮርክ ልብስ ሰፊ ጨርቁን በሰያፍ ቆርጦ በሦስት ቁራጭ መስፋት ጀመረ፤ ከረባት ሲፈታ ሳይጣመም ወደ ቅርጹ የሚመለሰው በዚህ ብልሃት ነው። በ1999 ደግሞ ቶማስ ፊንክና ዮንግ ማኦ የተባሉ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች በሒሳብ ቀምረው፣ ከዘጠኝ እንቅስቃሴ ሳያልፉ 85 ዓይነት ቋጠሮ ማሰር እንደሚቻል አሳዩ።

ሸማም የራሱ ስሌት አለው። በድሮው ሥርዓት ታላቅ ሰው ሸማውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ይቀመጣል። በፊቱ የሚቆመው ሰው ትከሻውን ገልጦ ሸማውን በወገቡ ይታጠቃል፤ ይህም ማደግደግ ይባላል። በ1840ዎቹ በሰሜን ኢትዮጵያ የኖረው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ ይህን ልማድ አስተውሎ ጽፎታል። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ነጠላውን በደረቱ ላይ መስቀለኛ ያጣፋል። ሐዘንተኛ፣ እንደየአገሩ ልማድ ልዩነት ቢኖረውም፣ ይዘቀዝቀዋል። በሙግት ጊዜ ደግሞ አበዳሪና ባለዕዳ፣ ከሳሽና ተከሳሽ የሸማቸው ጫፍ ከጫፍ ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ይህ ቁራኛ ነው። ሥርዓቱ ከቀረ ዘመን ቢቆጠርም «ተቆራኘ» የሚለው ቃል ዛሬም በአፋችን አለ። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ሳይመን ሜሲንግ በ1960 ባሳተመው ጥናት ይህን የሸማ አለባበስ ያለ ቃል የሚነገር ቋንቋ ብሎታል።

ከረባት በአገራችን የተስፋፋው ከትምህርት ቤትና ከመሥሪያ ቤት ጋር ነው። በተለይ ከ1941 ወዲህ የተማረ ሰው ምልክት ሆነ። በአካባቢያችንም የሥልጣን ጉዳይ ከመሆን አላመለጠም። ሞቡቱ በ1972 ዛየር ውስጥ ሙሉ ልብስና ከረባትን ከልክሎ «አባኮስት» የተባለውን ኮት አስለበሰ፤ እገዳው የተነሣው በ1990 ነው። በተቃራኒው የኬንያ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ በኅዳር 2023 የካውንዳ ልብስ ለብሶ መግባትን ከልክለው፣ ወንድ አባላት ከነከረባታቸው እንዲገኙ አዘዙ። አንዱ ሹም ባዕድ ነው ብሎ ያስወለቀውን ሌላው ክብር ነው ብሎ አስለበሰ።

ሆኖም በከረባትና በነጠላ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ከረባት ቋጠሮው 85 ቢሆንም የሚናገረው ስለ ባለቤቱ ብቻ ነው፤ መማሩን፣ ሹመቱን፣ ምርጫውን። ያው ቋጠሮ ለሠርግም ለቀብርም ይሄዳል፤ ቢለወጥ ቀለሙ ነው። ነጠላ ግን ሰውየው በማን ፊት እንደ ቆመ ይናገራል፤ በፈጣሪ፣ በዳኛ፣ በታላቅ ሰው ወይም በሐዘንተኛ ፊት። ጨርቁ ያው አንድ ነው፤ የሚለወጠው ሰዎቹ እርስ በርስ ያላቸው ግንኙነት ነው።

ከዚህ ቋንቋ ጥቂቱ ሳያስቆጭ ሄዷል። ለጌታ ትከሻ መግለጥና ከባለጋራ ጋር በሸማ መቋጠር እንዲመለሱ የሚመኝ የለም። የሐዘኑና የጸሎቱ ክፍል ግን ከሌላው ጋር አብሮ መጥፋት አልነበረበትም። ነጠላ የበዓል ቀን ጌጥ ብቻ ሆኖ ከቀረ፣ ለሐዘንተኛው «ሐዘንህ ሐዘኔ ነው» የምንልበት አንድ መንገድ ይዘጋል። የቀረን ንግግር ብቻ ይሆናል፤ በልቅሶ ቤት ደግሞ ንግግር ብዙ ጊዜ ያጥራል።

ከረባት ማሰርን ሰው ከመስታወት ፊት ቆሞ ብቻውን ሊማር ይችላል። ነጠላ ግን የሚማሩት ከሚያለብስ እጅ ነው። ያ ወጣት በደጃፉ ያገኛቸውን እናት ከልቅሶው በኋላ ፈልጎ «ለምን እንዲህ ይለበሳል?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሌላውን ልጅ ነጠላ የሚያስተካክለው እሱ ይሆናል።