ደንገጎ ላይ የቆመችው ፔጆ

አባቴ ቁልፉን ሲሰጠኝ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የሙቀቱን ቀስት እያየህ ንዳ።» አላየሁም። ከድሬ ወደ ሐረር ስወጣ ደንገጎ ዳገት አጋማሽ ላይ ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ወጣ፤ ሞተሩ ተንቀጠቀጠና ጸጥ አለ። መኪናዋ ፔጆ 404 ናት፤ አባቴ ታክሲ እየሠራባት አራት ልጆች ያሳደገባት። እኔ ኮድ ጽፌ የምኖር ሰው ነኝ፤ ዲግሪዬም ኢንጂነሪንግ ነው። ኮፈኑን ከፍቼ ግን የቱን እንደማይ እንኳ አላወቅኩም።

የሚጎትተኝ መኪና እስኪመጣ ዳገቱ ዳር ተቀመጥኩ። ድሬዳዋ ራሷ የተወለደችው እኮ በዚህ ተራራ ምክንያት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር የታሰበው ለሐረር ነበር። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,850 ገደማ፤ መካከላቸው ያለው መንገድ ደግሞ 55 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ይህን ዳገት በሐዲድ መውጣት ከባድም ውድም ስለሆነ መስመሩ ቆላ ቆላውን ይዞ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ ከተማ ሆነ። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ዋናው የባቡር ጥገና ቤት ግን ድሬ ቀረ፤ ብረት መቁረጥና መበየድ የከተማው ልጆች ሙያ ሆነ።

ባቡሩ እምቢ ያለውን ዳገት በኋላ ፔጆዎቹ ወጡት። 404 በ1960 ከፈረንሳይ ወጣች፤ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ አሸነፈች። ፈረንሳይ መኪናዋን መሥራት ካቆመች ብዙ ዓመት ቆይቶም በሐረርና በድሬ ታክሲ ሆና ትዞር ነበር። እኛ ሰፈር ባጃጁ እስኪበዛ ድረስ «ታክሲ» ማለት ፔጆ ነበር።

በማግስቱ መካኒኩ ቴስታታውን አወረደ። ጓርኒሲዮኑ በሁለት ሲሊንደሮች መሀል ተቃጥሏል። ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፦ መኪናዋ የፈረንሳይ ናት፣ የጋራዡ ቋንቋ ግን ጣሊያንኛ ነው። መካኒኩ ቴስታታው ላይ ቀጥ ያለ ብረት አጋድሞ በሥሩ የሚያልፈውን ብርሃን አሳየኝ። ብሎኩ ብረት ነው፣ ቴስታታው አሉሚኒየም። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ይበልጥ ይለጠጣል፤ ከልክ በላይ ሲግል መጀመሪያ የሚጣመመውም እሱ ነው።

«ማራገቢያዋ አልዞረችም» አለኝ። የ404 ማራገቢያ ሁልጊዜ አትዞርም፤ ውሃው ሲሞቅ ብቻ በኤሌክትሪክ ማግኔት ተይዛ ትነሳለች። ጉልበትና ነዳጅ ለመቆጠብ ነው። ማግኔቱ ሥራ ካቆመ ግን ማንም አይነግርህም፤ ከቀስቱ በቀር።

«ይሄ ለፓሪስ ብርድ ነው አቦ» አለና ቡሎኖቹን አጥብቆ ማራገቢያዋን ከሞተሩ ጋር አሰራት። ከእንግዲህ ሁልጊዜ ትዞራለች። የእኛን ሶፍትዌር እንዲህ ባስተካክለው አለቃዬ ይጮህብኝ ነበር። እዚህ ግን መፍትሔው ይሄ ነው።

ቴስታታውን ቶርኖ ቤት ወሰድነው። ያስተካከለው ሽማግሌ ሙያውን የተማረው ባቡር ጥገና ቤት ነው።

አባቴ የመጣው ሞተሩ ገና ተፈትቶ ሳለ ነው። ከዚያ በፊት «ሽጣት፣ ሌላ እገዛልሃለሁ» እያልኩ ስጨቀጭቀው ነበር። የተቃጠለውን ጓርኒሲዮን አገላብጦ አየው።

«ቀስቱ ስንት ላይ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። «አላየሁትም።»

«እንግዲያው ቀስቱ ደህና ነው» አለ። «ያልሠራው ሾፌሩ ነው።»

መካኒኩ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። መኪናዋን ስለመሸጥም ከዚያ በኋላ አላነሳሁም።

በሳምንቱ ወደ ሐረር ወጣን። መሪውን አልሰጠኝም። ደንገጎን ስንጀምር «ጥራ» አለኝ፤ እስከ አናቱ ድረስ ቀስቱ ያለበትን እየተናገርኩ ወጣን።