የገበይ መንገድ፤ በጅጅጋና በሐርተሼክ ሜዳ ቀጣዩን ግጥም የመጠበቅ ልማድ

በባሕር ማዶ ያሉ የጎልፍ ጨዋታ ወዳጆች፣ ጥቂት ተጫዋቾች በመኪና ተሳፍረው ከሜዳ ወደ ሜዳ ሲዘዋወሩና በየደረሱበት ሲፎካከሩ የሚያሳየው ተከታታይ ፊልም ቀጣይ ክፍሉ መቼ ይወጣል እያሉ በናፍቆት ይጠብቃሉ፤ የዘመኑም ሰው ይህን መጠባበቅ ቴሌቪዥንና የእጅ ስልክ የወለዱት አዲስ ጠባይ አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገር ግን ከጅጅጋ ተነሥቶ በቀብሪ በያሕ በኩል ወደ ሐርተሼክ፣ ከዚያም ድንበር ተሻግሮ ወደ ሐርጌሳ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖረው አርብቶ አደር ሕዝብ፣ ወረቀትም ፊልምም ሳይኖረው፣ የፉክክርንና የጉዞን ተከታታይ ድርሰት እየጠበቀ ብዙ ትውልድ ማሳለፉን የአገሩ ታሪክ ይመሰክራል። የሚጠበቀው ገበይ ነበር፤ የሚያመላልሱትም ግመልና የሰው ልቡና ነበሩ።

ገበይ በሶማሌ ሥነ ቃል ውስጥ ከፍ ያለውን መዓርግ የያዘ የግጥም ዓይነት ሲሆን፣ ያለ ዜማ መሣሪያ በረጅም የማንጐራጐር ቃና ይወርዳል፤ እያንዳንዱ ስንኝ በሁለት ይከፈልና በሁለቱም ክፍል ውስጥ በአንድ ድምፅ የሚጀምር ቃል ሊገኝ ግድ ነው፤ ያም ድምፅ፣ ግጥሙ መቶ ስንኝ ቢሆን እንኳ፣ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው አይለወጥም። የቅኔ ቤት ተማሪ በቤት መምታትና በሰምና ወርቅ ሕግ ታስሮ ሳለ አእምሮው እንደሚሰፋ፣ የገበይ ባለቤትም በዚህ የድምፅ እስራት ውስጥ ይሰፋል። በሁለቱ መካከል ግን አንድ ታላቅ ልዩነት አለ፤ ቅኔ አንድ ጊዜ ተዘርፎ ባለቤቱ ዳግመኛ የማይመለስበት ሲሆን፣ ገበይ ሊደገም የተፈጠረ ነው። ደራሲው ተናግሮ ሲያበቃ፣ ግጥሙን በቃላቸው የሚያጠኑ ሰዎች ይቀበሉታል፤ እነርሱም ቃል እንዳይለውጡ፣ ስንኝ እንዳይጨምሩ፣ ከሁሉ ይልቅ የደራሲውን ስም ሳይጠሩ አንዲት ስንኝ እንዳያሰሙ በአገሩ ልማድ የተገደዱ ናቸው። የሰውን ግጥም የራስ አስመስሎ መናገር ከብት ከመስረቅ ያላነሰ ነውር ሆኖ በሚቈጠርበት አገር፣ የቃል ሥራ ያለ ማተሚያ ቤት እንዴት ሳይበላሽ እንደ ኖረ መረዳት አያዳግትም።

እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ከዘይላ ወደ ሐረር ሲጓዝ የማረርን ሜዳ አቋርጦ ነበርና፣ አገሩ በግጥም ተናጋሪ የሞላ መሆኑን፣ ሕዝቡም ለእያንዳንዱ ሰው በዚህ ችሎታው መጠን ቦታ የሚሰጠው መሆኑን ተደንቆ ጽፏል። ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ቈይቶ የደርቪሾቹ መሪ የሰይድ ሙሐመድ ዐብዲሌ ሐሰን ተከታዮች ተነሡ፤ በ1892 ዓ.ም. ጅጅጋ ላይ ሠፍሮ የነበረውን የኢትዮጵያ ጦር ወጉ፤ ሰይዱም በ1913 ዓ.ም. ኢሚ ላይ በሕመም እስኪሞቱ ድረስ ከጠብመንጃው ይልቅ በግጥማቸው የሚፈሩ ሰው ሆነው ኖሩ። ሑሴን ዲቅሌ የተባለ ባለሟል ነበራቸው፤ ሥራውም የጌታውን ግጥም ቃል በቃል ይዞ ማስተላለፍ ነበር። የእንግሊዙ መኰንን ሪቻርድ ኮርፊልድ በ1905 ዓ.ም. ዱል መዶባ ላይ በተገደለ ጊዜ ሰይዱ የተናገሩት ግጥም፣ ከውጊያው ወሬ እኩል በየጕድጓዱ ውኃ ዳር ተሰምቷል።

ይሁን እንጂ ነገሬን በሙሉ የሚያስረዳው፣ ከ1914 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተነሣው «ጉባ» የሚባለው የግጥም ሰንሰለት ነው። ዓሊ ዱሕ የተባለው ገጣሚ፣ በጎሳዎች መካከል ስለ ግመል፣ ስለ ግጦሽና ስለ ውኃ የነበረውን የቈየ ቂም የሚቀሰቅስ ገበይ ተናገረ፤ ግጥሙም ከጕድጓድ ወደ ጕድጓድ፣ ከመንደር ወደ መንደር ተሻገረ፤ ሰላን ዐረበይ በአንድ ወገን፣ የኦጋዴኑ ቀማን ቡልሐን በሌላ ወገን መልስ ሰጡ፤ ለመልሱም መልስ መጣ። ሙግቱ በአንድ አዳራሽ ፊት ለፊት የተካሄደ አልነበረም፤ ተከራካሪዎቹ በሐውድ ሰፊ ሜዳ ተራርቀው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩና የአንዱ ቃል ለሌላው የሚደርሰው ነጋዴና መንገደኛ ተሸክሞት ነው። እንግዲህ አድማጩን አስቡት፤ የዓሊ ዱሕን ግጥም ትናንት ሰምቷል፤ ነገሩ የራሱን ወገን ክብር የሚነካ ነው፤ መልሱ እንደሚመጣ ያውቃል፤ በማን አንደበት፣ በየትኛው ድምፅ ታስሮ፣ መቼ እንደሚመጣ ግን አያውቅም። ከበርበራ በኩል ቅፍለት ሲመጣ ከስኳሩና ከጨርቁ ዋጋ ጋር የሚጠየቀው ይህ ነበር፤ ግጥሙን የያዘ እንግዳ ወተት ይቀርብለታል፤ በዛፍ ጥላ ሥር የተሰበሰቡት ሽማግሌዎችም ጸጥ ብለው እስከ ፍጻሜው ያደምጡታል።

ጉባ ያመጣውን ክፉ ነገር ደብቆ ማለፍ አይገባም፤ ቂም የሚያድስ ግጥም ደም ማፍሰሱ አልቀረም። እኔ ግን፣ ሰው ጠላቱ የተናገረውን ግጥም አንድ ቃል ሳያጐድል፣ የጠላቱንም ስም በክብር ጠርቶ በጉባኤ ማሰማቱን ከሥልጣኔ ምልክቶች እንደ አንዱ አየዋለሁ። የሚያሳዝነው የሴቶች ግጥም፣ ቡራንቡር የሚባለው፣ በራሱ ውበት የተመላ ሆኖ ሳለ በዚህ መንገድ ላይ እኩል አለመዘዋወሩ ነው፤ ተሸካሚዎቹ ወንዶች ነበሩና የመረጡት የወንዶችን ነበር።

ጅጅጋ ራሷ ከድርሰት ጋር የተቈራኘች ከተማ መሆኗን አንባቢ ያስታውስ። የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የደረሱት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ይህን አውራጃ ገዝተዋል። በኋላ የጭነት መኪና የግመልን ቦታ መውሰድ ሲጀምር፣ ሕዝብ ዐብዲ ሲኒሞ ብሎ የጠራው የቦረማ አገር ሰው፣ በሙያው ሹፌር ሲሆን፣ በ1936 ዓ.ም. ገደማ ባልዎ የሚባለውን አጭር የፍቅር ዜማ አስጀመረ። ከሹፌር ወደ ሹፌር፣ ከሻይ ቤት ወደ ሻይ ቤት የተዛመተው ይህ ዜማ በብዙ ሃይማኖተኞች ዘንድ ተወገዘ፤ ነገር ግን እየረዘመ ሄዶ ሄሎ የተባለውን ዘመናዊ የሶማሌ ዘፈን ወለደ። ሹፌሩ ሲደርስ ዕቃው ሳይራገፍ አዲሱ ዜማ ይጠየቅ ጀመር።

ራዲዮ መጣ። የሐርጌሳው ጣቢያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተቋቋመ፤ የቢቢሲ የሶማሌኛ ክፍልም በ1949 ዓ.ም. ሥርጭቱን ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ አርብቶ አደሩ ራዲዮውን በግመል ጭኖ ሲጓዝ ይታይ ጀመር። በዚህ ላይ ብዙ ማተት አያስፈልገኝም፤ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ራዲዮ ሲተርክ ሰዓቱን ጠብቆ በራዲዮ ዙሪያ የተሰበሰበ የአማርኛ አድማጭ፣ የሐውድን ሰው ስሜት ከእኔ ቃል ይልቅ ከራሱ ትዝታ ያውቀዋል።

የጉባ ልማድ ዳግመኛ በታላቅ ኃይል የተነሣው በካሴት ነው። በ1972 ዓ.ም. ሙሐመድ ሐሺ ዳማዕ፣ በቅጽል ስሙ ጋርዬ፣ ጎሰኝነትን የሚያወግዝና የሶማሊያውን የሲያድ ባሬን መንግሥት የሚነቅፍ ግጥም ተናገረ፤ ሐድራዊ በመባል የታወቀው ሙሐመድ ኢብራሂም ወርሰሜ መለሰለት፤ በርካታ ገጣሚዎችም ተከታትለው ገቡበት፤ ሁሉም በዚያው በአንዱ የ«ደ» ድምፅ ስለ ታሰሩ ሰንሰለቱ ዴሌይ ተባለ። ራዲዮ የማያስተላልፈው ነገር ነበርና እያንዳንዱ ግጥም በካሴት ተቀድቶ፣ ከካሴት ወደ ካሴት እየተባዛ ሄደ። በ1974 ዓ.ም. ሁለቱም ገጣሚዎች ወደ ኢትዮጵያ ተሰደው ከሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ጋር ተባበሩ፤ የንቅናቄውም ራዲዮ ከኢትዮጵያ ምድር ይናገር ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት እሳት የተለበለበችው ምድር፣ የባላጋራዋን አገር ባለቅኔዎች ተቀብላ ድምፃቸውን መልሳ ወደ ድንበሩ ማዶ ላከች።

ከዚያም ሐርተሼክ መከራ ተቀበለች። በግንቦት 1980 ዓ.ም. ንቅናቄው ቡርዖንና ሐርጌሳን በያዘ ጊዜ የሲያድ ባሬ መንግሥት ከተሞቹን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደበ፤ የሕዝቡም ጎርፍ ድንበሩን ተሻግሮ በዚህ ደረቅ ሜዳ ላይ ሠፈረ። የሐርተሼክ ሠፈር በዘመኑ ከዓለም የስደተኛ ሠፈሮች ሁሉ ትልቁ ሆኖ፣ በከፍተኛው ጊዜ ከ250 ሺሕ የሚበልጥ ሰው ይዞ ነበር፤ ውኃው እንኳ ከጀረር ሸለቆ በቦቴ መኪና ይመላለስለት ነበር። ቤቱ የፈረሰበት ሕዝብ ምግብንና ውኃን በጠበቀበት በዚያ ሠፈር፣ ስለ አገሩ የሚነገረውን ቃልም ይጠብቅ ነበር። የሐርጌሳ ራዲዮ ባልደረቦች ከአየር ድብደባው ለማትረፍ የዘፈንና የግጥም ክሮችን በመሬት ውስጥ መቅበራቸው፣ ሌላውም ወደ ጎረቤት አገሮች መሸሹ የታወቀ ነው። ሰላም ሲመለስ ሕዝቡ በየተራ ወደ አገሩ ገባ፤ ሠፈሩም በ1996 ዓ.ም. ተዘጋ።

የተቀበረው ዛሬ ወጥቷል። በሐርጌሳ የባህል ማእከል ከ10 ሺሕ የሚበልጡ ካሴቶች ተሰብስበው ይጠበቃሉ፤ ከእነርሱም የተመረጡ ዘፈኖች በ2009 ዓ.ም. ታትመው በዓለም ተሰምተዋል። በድንበሩ በዚህ በኩል፣ ግጥሙ በተላለፈበት፣ ባለቅኔዎቹም በተጠለሉበት አገር፣ የዚህን ያህል ሥራ መሠራት ይገባዋል። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፣ በሐርተሼክ፣ በቀብሪ በያሕና በቶጎ ውጫሌ ሱቆችና ቤቶች ውስጥ አቧራ የለበሱትን ካሴቶች፣ ከዚያም በላይ በሽማግሌዎች ልቡና ያለውን ገበይ፣ የደራሲውን ስም ከነስንኙ ጠብቀው ይመዝግቡ፤ የሴቶቹንም ቡራንቡር አይተዉ። የካሴት ክር በሙቀት ይበላሻል፤ ሽማግሌም ያልፋል፤ ሥራው ዛሬ ይጀመር።