ጥርስን ከመንቀል ማዳን፦ የሥር ሕክምና ሥልጠናና ምዘና በመቀሌ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ መጣጥፍ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎችና ሬዚደንቶች በተለምዶ ሩት ካናል በሚባለው የጥርስ ሥር ሕክምና የሚሠለጥኑበትን መንገድ ከመቀሌ ሁኔታ ጋር አገናዝቦ ይመረምራል። የሠልጣኙ ብቃት ሊለካ የሚገባው በሞላቸው ጥርሶች ብዛት ሳይሆን በየደረጃው በሚያሳየው ሥራና ታካሚው ከዓመት በኋላ ለክትትል ሲመለስ በሚገኘው ውጤት ነው ሲል ይከራከራል። ለዚህ የሚሆነው መሠረታዊ መሣሪያ በአብዛኛው በእጃችን እንዳለም ያሳያል።

መግቢያ

እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ በመቀሌም ጥርሱን የታመመ ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው ሕመሙ እንቅልፍ ከነሳው በኋላ ነው። ያን ጊዜ የጥርሱ ነርቭ ተመርዞ ወይም ሞቶ ይገኛል። ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ጥርሱን መንቀል፣ ወይ የሥሩን ቦይ አጽድቶ መሙላት። መንቀል በአንድ ቀጠሮ ያልቃል፣ ዋጋውም ይቀላል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ነቅሎ መገላገልን ይመርጣል። ነገር ግን በሃያ ዓመቱ የመጀመሪያ መንጋጋውን ያጣ ወጣት ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ይከተለዋል፤ ጎረቤት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ይጋደማሉ፣ ተቃራኒው ጥርስ ይረዝማል፣ ማኘክም ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል።

ሐኪሙ ለታካሚው ማዳንን ከልቡ እንዲመክር መጀመሪያ የገዛ እጁን ሊያምን ይገባል። እምነቱ የሚገነባው በሥልጠና ዘመን ነው። በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ጤና ሳይንስ ኮሌጅና እ.ኤ.አ. በ2008 አገልግሎት በጀመረው የማስተማሪያ ሆስፒታሉ ዓይደር ይህ ጥያቄ ተጨማሪ ክብደት አለው። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪቆም ድረስ የከተማዋ ትምህርት ተቋርጧል፤ መብራት፣ ባንክና ስልክ ለረጅም ጊዜ ጠፍተዋል፤ ሆስፒታሉ መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ አጥቶ ባለሙያዎቹ ያለ ደመወዝ ሠርተዋል። የእጅ ሙያ ደግሞ ሲቋረጥ ይደክማል። ከዚያ ወዲህ የሚሰጠው ሥልጠና የባከነውን ጊዜ በጥድፊያ ለማካካስ የሚሮጥ ከሆነ ዋጋውን የሚከፍለው ታካሚው ነው።

የሕክምናው ባሕርይ

የሥር ሕክምና ዓላማ ጀርምን ከቦይ ማስወገድና ተመልሶ እንዳይገባ ማሸግ ነው። ካካሃሺ፣ ስታንሊና ፊትዝጀራልድ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ጥናት ይህን በማያሻማ መንገድ አሳይተዋል፦ ነርቩ ለአፍ የተጋለጠ ጥርስ በተለመዱ አይጦች ላይ ሲበሰብስና መግል ሲቋጥር፣ ከጀርም ነፃ ሆነው ባደጉ አይጦች ላይ ግን ቁስሉ ራሱን ጠግኗል። ሠልጣኙ ከሁሉ አስቀድሞ መረዳት ያለበት ይህን ነው። መሙላቱ የሥራው ፍጻሜ እንጂ ሥራው ራሱ አይደለም፤ የሚያድነው ማጽዳቱ ነው።

ሥራውን ከባድ የሚያደርገው ሐኪሙ የሚሠራበትን ቦታ በዓይኑ አለማየቱ ነው። የታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሥርና ሦስት ቦይ አለው፤ አንዳንዴም አራት። የላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ በፊተኛው የጉንጭ ሥሩ ውስጥ ሁለተኛ ቀጭን ቦይ ይደብቃል፤ ይህም ከግማሽ በሚበልጡት ጥርሶች ላይ ይገኛል። ያልተገኘ ቦይ ያልጸዳ ቦይ ነው። ቦዩን ፍቀን የምናጸዳበት መሣሪያ፣ ፋይል፣ 15 ቁጥሩ ጫፉ 0.15 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ይህን ያህል በቀጠነ መሣሪያ ጠማማ ቦይ ውስጥ የሚሠራ እጅ ብዙ ይሳሳታል፤ ቦዩን ትቶ ግድግዳውን ይቆፍራል፣ ሥሩን ይበሳል፣ ፋይል ይሰብራል ወይም መሙያውን ከሥሩ ጫፍ አሳልፎ ወደ አጥንት ይገፋል።

በተነቀለ ጥርስ መጀመር

መንቀል በበዛበት ከተማ የተነቀለ ጥርስ አይጠፋም። ይህ አሳዛኝ እውነታ ለሥልጠና ግን ትልቅ ሀብት ነው፤ ውድ የፕላስቲክ ሞዴል ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅም አያስፈልግም። ቅድመ ሁኔታዎቹ ሦስት ናቸው። ጥርሱ በታካሚው ፈቃድ መወሰድ አለበት። እስኪዘጋጅ ድረስ ሳይደርቅ በእርጥበት መቆየት አለበት። ተማሪው ከመንካቱ በፊትም መጽዳት አለበት፤ አማልጋም የሌለበት ጥርስ በአውቶክሌቭ ለ40 ደቂቃ፣ አማልጋም ያለበት ግን ሲሞቅ የሜርኩሪ ጭስ ስለሚያወጣ በ10 በመቶ ፎርማሊን ለሁለት ሳምንት።

ተማሪው ጥርሱን በጂፕሰም ተክሎ ራጅ ያነሳል፤ መክፈቻውን ይቆፍራል፤ በ10 ቁጥር ፋይል ቦዩን ይፈልጋል። ፋይሉን ሩብ ዙር ወደ ቀኝ አዙሮ፣ ቀስ ብሎ ወደ ታች ተጭኖ ወደ ግራ ይመልሳል፤ አውጥቶ ይጠርጋል፤ ያጥባል፤ መልሶ ያስገባል። ይህ ሮን እ.ኤ.አ. በ1985 ከባልደረቦቹ ጋር ያስተዋወቀው የእጅ ስልት ነው። በባትሪ የሚዞር የኒኬል ቲታኒየም ፋይል ያለው ክሊኒክ እንኳ ተማሪውን በእጅ ፋይል ማስጀመር ይገባዋል፤ የቦዩን መታጠፍ ጣቱ መለየት የሚማረው በዚህ ነውና። ሞተሩ በቆመና ዕቃው ባለቀ ቀን የሚቀረውም ይኸው የእጅ ፋይል ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የመምህሩ ምርጥ መሣሪያ ጥርሱን እንደ መስታወት ግልጽ ማድረግ ነው። ተማሪው የሞላውን ጥርስ በ5 በመቶ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ያስቀምጣል፤ አሲዱን በየቀኑ ይቀይራል። ማዕድኑ ሲወጣና ጥርሱ ሲለሰልስ በውኃ ያጥበዋል፤ መጠኑ ደረጃ በደረጃ ከፍ በሚል አልኮል ያደርቀዋል፤ በመጨረሻ ሜቲል ሳሊሲሌት ውስጥ ይነክረዋል። ጥርሱ ብርሃን ያሳልፋል፤ ውስጡ የተቀመጠው የቦይ መሙያ ጉታ ፐርቻ ከነጉድለቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ራጅ ከአንድ ወገን ብቻ ያሳየውን፣ ይህ ከአራቱም ማዕዘን ያሳያል። የሳተውን ቦይ በዓይኑ ያየ ተማሪ መምህሩ አሥር ጊዜ ቢነግረው ከሚይዘው በላይ ይይዛል።

የማይታለፉ ሁለት ነገሮች

ታካሚ ላይ ሲደረስ ምንም ዓይነት እጥረት ሰበብ የማይሆንባቸው ሁለት ጉዳዮች አሉ። አንደኛው ራበር ዳም ነው። ባርነም እ.ኤ.አ. በ1864 የጀመረው ይህ ቀጭን ላስቲክ ምራቅን ከጥርሱ ያርቃል፤ ፋይል ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድም ይከለክላል። ራበር ዳም ሳይዘረጋ ሥር የከፈተ ሠልጣኝ ሥራው የቱንም ያህል ቢያምር ፈተናውን ማለፍ የለበትም።

ሁለተኛው እጥበት ነው። ቦዩን የምናጥብበት ሶዲየም ሃይፖክሎራይት በየሱቁ ከሚሸጠው በረኪና ጋር አንድ ዓይነት ውህድ ነው፤ በጥቅም ላይ የሚውለውም ከ0.5 እስከ 5.25 በመቶ ባለው መጠን ነው። ቅርበቱ ሠልጣኙን ሊያዘናጋው አይገባም። ብርሃንና ሙቀት ያገኘው ብልቃጥ ኃይሉን ያጣል፤ መጠኑ ያልተለካ ወይም ሽቶ የተጨመረበት ደግሞ ለታካሚ አይሆንም። መርፌው ቦዩን ሳይጣበቅ፣ ከሥራው ርዝመት ሁለት ሚሊሜትር ያህል አጥሮ ሊቆም ይገባል፤ ፈሳሹ በኃይል ከሥሩ ጫፍ ካለፈ ፊትን በአንድ አፍታ ያሳብጣል፣ ሥጋንም ያቃጥላል። ተማሪው የሚያጥብበትን ፈሳሽ ስምና መጠን መርፌው ላይ ጽፎ ለሚቆጣጠረው ሐኪም ሳያሳይ ሥራ መጀመር የለበትም።

ተማሪውና ሬዚደንቱ

የአሜሪካ ኢንዶዶንቲስቶች ማኅበር ያዘጋጀው የአስቸጋሪነት መመዘኛ ቅጽ ጥርሶችን ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ብሎ ይከፍላል። ቅጹን ከራሳችን ሁኔታ ጋር አስማምቶ መጠቀም ታካሚውንም ሠልጣኙንም ይጠብቃል። ቀጥተኛ ቦይ ያላቸው የፊት ጥርሶችና ቅድመ መንጋጋዎች የተማሪው ድርሻ ናቸው፤ መንጋጋ የሚነካው በተነቀለ መንጋጋ ላይ ብቃቱን ካስመሰከረ በኋላ ነው። ጠማማ፣ የጠበበ ወይም ቀድሞ ተሠርቶ የከሸፈ ሥር የሬዚደንቱ ነው።

ሬዚደንቱ ሁለተኛ ኃላፊነትም አለበት፤ ያስተምራል። ተማሪ ሲሳሳት መሣሪያውን ነጥቆ መጨረስ ለሬዚደንቱም ለታካሚውም ጊዜ ይቆጥባል፤ ተማሪው ግን ባዶ እጁን ይቀራል። አደጋ እስካልመጣ ድረስ የሬዚደንቱ ሥራ ተማሪውን አስቁሞ፣ ራጁን አብሮት አይቶ፣ ስሕተቱን ራሱ እንዲያርም መጠየቅ ነው።

ምን እንመዝን?

የተማሪውን መዝገብ በቁጥር ሞልቶ ማስመረቅ ቀላል ነው። ቁጥር ብቻውን ግን ክፉ ልማድንም ይሸልማል፤ ለመሙላት የሚቸኩል ተማሪ እጥበቱን ያሳጥራል። ዩዋን ሊንግ ንግና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 ባሳተሟቸው የጥናት ግምገማዎች፣ በጥብቅ መስፈርት ሲለካ የሕክምናው ስኬት ከ68 እስከ 85 በመቶ መሆኑን አሳይተዋል። ውጤቱን የሚወስኑት ዋና ዋና ነገሮችም አራት መሆናቸውን ለይተዋል፦ ከሕክምናው በፊት በሥሩ ጫፍ ዙሪያ የአጥንት መሳሳት አለመኖሩ፣ መሙያው ክፍተት የሌለበት መሆኑ፣ መሙያው ራጅ ላይ ከሚታየው የሥር ጫፍ በሁለት ሚሊሜትር ክልል ውስጥ መቆሙ፣ የላይኛው የጥርስ ክፍል በሚገባ መሸፈኑ። የመጀመሪያው በሽታው ከደረሰበት ደረጃ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሦስቱ ግን በሠልጣኙ እጅ ናቸው፤ በራጅና በዓይን ይመዘናሉ።

አራተኛው በልዩ ትኩረት ሊታይ ይገባል። ሥሩ በሚገባ ተሞልቶ አናቱ በጊዜያዊ መሙያ የተተወ ጥርስ ከወራት በኋላ ተሰንጥቆ ወይም ተመርዞ ይመለሳል። ለክራውን የሚከፍለው የሌለው ታካሚ ቢያንስ ዘላቂ ሙሌት ይዞ መውጣት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ግላስ አዮኖመር ሲሚንትን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ማስገባቱ ለግዥ ክፍሎች ጠንካራ መከራከሪያ ነው።

ማጠቃለያ

ለመቀሌም ሆነ ተመሳሳይ ችግር ላለባቸው የአገራችን የጥርስ ሕክምና ትምህርት ክፍሎች አራት ነገሮችን እጠይቃለሁ። ማንም ተማሪ በተነቀለ ጥርስ የሠራውን ግልጽ አድርጎ ሳያሳይ ታካሚ አይንካ። ራበር ዳምና የታወቀ መጠን ያለው እጥበት የማለፊያ ቅድመ ሁኔታ ይሁኑ። ጥርሱ ለተማሪ ወይም ለሬዚደንት ከመሰጠቱ በፊት አስቸጋሪነቱ በጽሑፍ ይመዘን። ከሁሉም በላይ ታካሚው ከዓመት በኋላ ለራጅ ይጠራ፤ ስልኩ በተማሪው መዝገብ ላይ ይያዝ፤ ተማሪው ቢመረቅ እንኳ ተከታዩ ይጥራው። የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ትምህርት ክፍሉ የራሱን ሥራ እውነተኛ ውጤት እንዲያይ ያስገድዳል። ይህን ያደረገ ትምህርት ክፍል ግን የትኛው የሥልጠና እርምጃ እንደሠራና የትኛው እንደከሸፈ በራሱ ታካሚዎች ማስረጃ ያውቃል፤ የሚያስመርቃቸውም ሐኪሞች ለታካሚያቸው «ይድናል» ሲሉ ያዩትን ይናገራሉ።