የየካና የእንጦጦ ዱር ዜና መዋዕል

ከላምበረት መናኸሪያ ቆሞ ወደ ሰሜን ቀና ላለ ሰው የየካ ተራራ በባሕር ዛፍ ተሸፍኖ ይታየዋል። ያ ዛፍ ግን የተራራው ተወላጅ አይደለም። አስቀድሞ በዚያ የነበሩት ጥድ፥ ወይራና ኮሶ ናቸው።

ንጉሥ ምኒልክ በእንጦጦ በከተሙ ጊዜ መኳንንቱም ሠራዊቱም ለቤቱና ለማገዶው ያን ዱር ይቆርጥ ጀመር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ አሉት፤ ከተማውም ወደ ሜዳው ወረደ። መጥረቢያው ግን አላረፈም። እንጨት እየራቀ ስለ ሄደ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸውን ሊያዛውሩ አስበው በአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ያሠሩ ጀመር።

ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፥ ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ ነበር፤ ያስመጣውም የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው ይባላል። ዛፉ ቶሎ አደገ፤ ሲቆርጡትም ከጉቶው ዳግመኛ አቆጠቆጠ። አጤ ምኒልክም ችግኙ በርካሽ እንዲሰጥ አደረጉ፥ ባሕር ዛፍ ለተተከለበት መሬትም ግብር ማሩ። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ አዲስ አበባም መናገሻ ሆና ቀረች። ባሕር ዛፍን የሚረግም ሁሉ ይህችን ከተማ ከመፍለስ ያዳናት እርሱ እንደ ሆነ አይርሳ።

ይሁን እንጂ ክርክር ተነሣ። ዛፉ ምንጩንና ጉድጓዱን ያደርቃል ተብሎ በ1905 ዓ.ም. ገደማ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል፥ በስፍራውም ቅጠሉ ለሐር ትል ምግብ የሚሆን ዛፍ እንዲተከል አዋጅ ወጣ። የፈጸመው ግን ጥቂት ነው። የከተማው ምድጃ ሁሉ በዚያ እንጨት ይነድ ነበርና፥ እንጀራው የሚጋገርበትን ዛፍ ማን በገዛ እጁ ይነቅላል?

በዚህ ሁሉ መካከል በዱሩ የሚኖሩትን ወፎች ነገር ያነሣ አልነበረም። በጥድና በኮሶ መካከል የምትኖር አንዲት ግራጫ ወፍ አለች፤ ወንዱና ሴቷ እየተቀባበሉ ያዜማሉ፤ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አትገኝም። ወፍራም ምንቃር ያለው ቁራና አንገተ ነጯ የዋሻ እርግብም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ አገር የላቸውም። ቁራውና እርግቧ ከሰው ጋር መኖርን ለምደዋል፤ ያች ግራጫ ወፍ ግን ጥሻ ትሻለች፥ ከባሕር ዛፍ ሥር ደግሞ ጥሻ እምብዛም አይበቅልም።

በእንግሊዝ አገር ግን ለወፍ የተቆረቆረ ነበር፤ በፈረንጆች 1889፥ ለባርኔጣ ጌጥ ወፍ መታረዱን የጠሉ ሴቶች ማኅበር አቆሙ። ከሱቅ ባለቤቶችና ከላባ ነጋዴዎች ጋር ብዙ ዘመን ተሟግተው በ1921 ላባ ወደ አገራቸው እንዳይገባ ሕግ አስወጡ። በእኛም አገር አጤ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. የአደን ደንብ አውጥተው ነበር። በፈረንጆች 1963 እንግሊዛዊው ሊቅ ጁሊያን ሃክስሊ ከዩኔስኮ መልእክተኞች ጋር መጥቶ የዱር እንስሳቱ እንዲጠበቁ መከረ፤ በ1966ም የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተመሠረተ። ይህ ማኅበር በፈረንጆች 1996 ለወፎች ዋና የሆኑ 69 ስፍራዎችን መዝግቦ በመጽሐፍ አወጣ፤ እንጦጦም ከእነዚያ አንዱ ሆኖ ተጻፈ።

በዚያው ዘመን የየካ ሴቶች ከተራራው ቅጠልና ጭራሮ እያሰሩ፥ ከባድ ሸክም በጀርባቸው አዝለው፥ ጎንበስ ብለው ቁልቁለቱን ይወርዱ ነበር። የዱር ጠባቂ ባገኛቸው ጊዜ ሸክሙን ይነጥቃቸዋል። የእንግሊዝ ወይዛዝርት እንዲተዉት የተጠየቁት ጌጥን ነው፤ የየካዋ ሴት ግን ተዪው የተባለችው የልጆቿን ራት ነው። ስለዚህ የሁለቱን ነገር አንድ አድርጎ የሚፈርድ ተሳስቷል።

የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበርም በዚያው ዘመን፥ በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ፥ በእንጦጦ 1,300 ሄክታር ያህል ተረክቦ፥ በባሕር ዛፉ ስፍራ ጥድን፥ ወይራንና ኮሶን ለመመለስ ሥራ ጀመረ። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ አይቸኩልምና። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተመረቀ፤ እንጨት ይሸከሙ ከነበሩት ሴቶችም በዚያ ሥራ የያዙ አሉ።

ሁሉም ግን አልያዙም፤ ዛሬም ጭራሮ አዝለው የሚወርዱ አሉ። እኔ ጥዱም ወፏም እንዲመለሱ ከልቤ እሻለሁ። ለየካ ዱር ዕቅድ የሚያወጣ ሹም ከችግኙ ቁጥር በፊት የእነዚህን ሴቶች የዕለት ገቢ በመዝገቡ ላይ ይጻፍ፤ ያ ሳይጻፍ የወጣው የ1905 አዋጅ እንዴት እንደ ቀረ ከላይ ነግረናል።